ብረት ሳይነካው በፊት

ሐረር፣ ፈላና በር ተወልጄ ያደግኩ ሴት ነኝ። ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ሲሆን፣ ያን ሰሞን ውሎዬ በሙሉ ከውሻ ጋር ነበር። የሠፈራችን ሰው ለበግና ለላም ሐኪምነቴ ደህና አድርጎ ያከብረኛል፤ ወደ ውሻው ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብደዋል። እናቴም ከሥራ ስመለስ ጋዋኔን ከግቢው በር አልፌ እንዳስገባ አትፈቅድም። ውሻ ልሶኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ልሶኛል ካልኳት አንዴ በአፈር፣ ከዚያ በውሃ ደጋግሜ እስክታጠብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ተቆጥታ አይደለም። ነጃሳው ነጃሳ ነው፣ ሥራውም ሥራ ነው ብላ ሁለቱን ለየብቻ ይዛቸው ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥናት በውሾች የጡት ካንሰር ላይ ነበር። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እንዲህ እያልኩ አስረዳለሁ፦ በሰውነታችን ውስጥ ሴል መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ እንደሚያቆም የሚያዙ ጂኖች አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሲበላሹ «አቁም» የሚለው ትእዛዝ ይጠፋና ዕጢ ያድጋል። የትኞቹ ጂኖች እንደሚገፉት ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በአይጥ ላይ ነው፤ ነገር ግን አይጧን የሚያሳምማት የሰው እጅ ነው። ውሻ ከእኛው ጋር ይኖራል፣ የምንጠጣውን ይጠጣል፣ የምንተነፍሰውን ጭስ ይተነፍሳል። ካንሰሩም እንደ ሰው በራሱ ጊዜ ይመጣበታል። ከብዙ ውሾች ዕጢ ናሙና ተወስዶ ሲነበብ፣ ደጋግሞ ተበላሽቶ የተገኘው ጂን ተጠርጣሪ ይሆናል። ያው ጂን በሴቶች ዕጢ ላይም ከተገኘ ጥርጣሬው ይበረታል።

ናሙናውን ሐረር ላይ የምሰበስበው እኔ ነኝ። አማካሪዬ ደግሞ ውጭ አገር ላለ ቤተ ሙከራ ይልከዋል። ጡቷ ያበጠ ውሻ ያለው ሰው እንዲያመጣልኝ ለማውቀው ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ ወሬው አቦከር ሠፈርም ደርሶ ኖሯል።

እትዬ አልጋነሽ አንድ ሰኞ ጠዋት በባጃጅ መጡ። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የተከናነቡ እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንድ ልጃቸው ድሬዳዋ ትሠራለች፣ እሳቸው አቦከር ከአያታቸው በወረሱት ግቢ ከውሻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ውሻዋን ባለ ባጃጁ እያጉረመረመ አውርዶ በር ላይ አስቀመጠልኝ። ዳማ ትባላለች። ስሟ ከመልኳ የወጣ ነው፤ ቀላ ያለች፣ አፏ አካባቢ የሸበተች አሮጊት ውሻ ነበረች።

ጠረጴዛው ላይ ጋደም አድርጌ አየኋት። በኋላኛው ጡቷ ላይ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ዕጢ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ቆዳው ቆስሏል። ከብሽሽቷ ያለው ንፍፊትም ጠጥሯል። ሳንባዋን በማዳመጫ ሰማሁት፤ የሚያሳስብ ድምፅ አልነበረውም። ማዳመጫ የማይሰማውን የሚያሳየው ራጅ ግን የእንስሳት ጤና ጣቢያችን ውስጥ የለም።

የውሻ ባለቤቶች የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ። ትድናለች ወይ፣ ቶሎ ትነሳለች ወይ፣ ሌባ ሲመጣ ትጮሃለች ወይ ነው። እትዬ አልጋነሽ የጠየቁኝ ሌላ ነበር። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ፣ ሳያም፣ እንዲሁ ጠጥሮ ሲቀመጥ ክፉው ዓይነት ሊሆን ይችላል ወይ አሉኝ። ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ የሚወጣው እዚያው ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ሳይቆረጥ ቢተውስ ስንት ጊዜ ያስቀምጣል? እኔም ደህና ጠያቂ አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ መለስኩላቸው። ስለ ጥናቴም ነገርኳቸው። በውሻ ጡትና በሴት ጡት ላይ የሚነሳው ካንሰር በብዙ ነገሩ እንደሚመሳሰል ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። ዳማን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕጢው ይውጣ ወይ ስላቸው ይውጣ አሉ፤ ግን አጠገቧ ሆነው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ደም ያዞርዎታል ብዬ ልመልሳቸው ሞከርኩ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኝ ጀመር፣ ተሸነፍኩ።

በማግስቱ ዳማን ማደንዘዣ ወጋኋትና ሥራዬን ጀመርኩ። እትዬ አልጋነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ነጠላውን ይዟል፣ ግራው ከነጠላው ሥር ተደብቋል። ዕጢው ከታች ካለው ጡንቻ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ብዙ ደማች፤ አንዱን የደም ሥር ስቋጥር ሌላው ይከፈታል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በዚህ መሀል ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ብብቷንስ አታይላትም?»

የኋላ ጡት ስለሆነ የሚሄደው ወደ ብሽሽት ነው፣ ወደ ብብት የሚሄደው በሴት ነው አልኳቸው። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። የዚያን ጊዜ ቀና ብል ኖሮ ከፊታቸው አንድ ነገር እረዳ ነበር ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ግን እጄ ደም ውስጥ ነበር።

ዕጢው ወጣ። ግማሹን እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ፣ ግማሹን ለጂን ምርመራው የበረዶ ሳጥን ውስጥ አደረግኩ። ዳማ ከሰዓት በኋላ ነቃች። አቦከር ድረስ ሸኘኋቸውና ስፌቷን ለማየት ቤታቸው እንደምመላለስ ቃል ገባሁ።

ግቢያቸው ጠበብ ያለ፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ ያለበት ነው። በማግስቱ ስሄድ ዳማ ከዛፉ ሥር አሮጌ ጋቢ ላይ ተኝታለች። ስፌቱ ደርቋል። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቀን ደግሞ ከሸዋ በር ገበያ የተገዛላትን ጉበት በልታ ጨርሳ፣ በሩ ድረስ ተነስታ ጭራዋን እየቆላች ተቀበለችኝ። እትዬ አልጋነሽ እንደዚያን ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሻይ አፍልተው አስቀመጡኝ፣ ስለ ልጃቸው አወሩኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ልወጣ ስል በሩ ላይ እጄን ይዘው «እንግዲያ ብረት አልጎዳትም» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ደህና ናት አልኳቸው። አንዲት አሮጊት ሴት ውሻዋን እንዴት ብትወድ ነው እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ዳማ እህል አልቀመስ ብላለች፣ አተነፋፈሷም ልክ አይደለም አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።

ዳማ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላለች፤ መተኛት አቅቷታል። አንገቷን አርዝማ፣ ክርኖቿን ከደረቷ አርቃ፣ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች። ድዷ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሳደርግ በፊት ያልሰማሁትን ሰማሁ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይማ ጭራሽ ድምፅ የለም። ገባኝ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ፣ ግን መልሼ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት።

«አታስመስይብኝ» አሉኝ እትዬ አልጋነሽ። «ቀጥ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ካንሰሩ ሳንባዋ ውስጥ መግባቱን፣ ከዚህ በኋላ የምረዳት እንዳትሰቃይ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው።

አላለቀሱም። በርጩማቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ብረት ነካው፤ ተበተነ» አሉ።

አይደለም አልኳቸው። ያን አባባል ከሐረር እስከ ገጠሩ ሁሉም ሰው ይለዋል፤ ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል፣ ስለዚህ አይነካካ ይባላል። ካንሰሩ ዕጢው ከመቆረጡ በፊት ሳንባዋ ውስጥ የነበረ ነው እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። እንደ ተማሪ ፈጥኜ ፈጥኜ አወራለሁ። እሳቸው ተነሱ፣ የግቢውን በር ቀረቀሩና ወደ ቤት ግቢ ብለው ጠሩኝ።

ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን አልጋው ላይ ጣሉ፣ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ፈቱ። ግራ ጡታቸው ላይ ቆዳው ተጨማዶ ወደ ውስጥ ተስቧል፣ ጫፉ ጠፍቷል። ከሥሩ ያለው እብጠት ለዓይን ይታያል። በዚያ በኩል ክንዳቸውን ከትከሻቸው በላይ ማንሳት አይችሉም። ፈቅደውልኝ ብብታቸውን በጣቴ ነካሁ። ያገኘሁትን አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ በውሾች ብሽሽት ውስጥ የማገኘው ነው።

«መቼ ጀመረዎት?» አልኳቸው።

«ዳማ ላይ ሳይወጣ በፊት» አሉ።

ቀሚሳቸውን እየቆለፉ የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ። ታናሽ እህታቸው በዚሁ በሽታ ተይዛ ነበር። ሐኪም ቤት በእግሯ ገብታ ተቆርጦላት ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቢላ የሚባል ነገር እንዳያዩ ምለው ነበር። የራሳቸውን ሲያገኙትም ለልጃቸው እንኳ አልተናገሩም። ከዚያ ዳማ ላይ ወጣ። የእሷ እያደገ ሲሄድ የራሳቸውን እያሰቡ ሲያዩት ከረሙ። አንዲት የእንስሳት ሐኪም የውሻ ጡት ትቆርጣለች፣ ሥራው ለሴቶችም ይሆናል ትላለች የሚል ወሬ ሲሰሙ ነው የመጡት።

«ዳማ ከዳነች እኔም እሄዳለሁ ብዬ ነበር» አሉኝ። «ከሞተችም አርፌ እቤቴ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። ይኸው አየሁት።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።  ለካ እኔ ቢላዬን ሳነሳ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ዳማ ብቻ አልነበረችም። አሁን የምላቸው ነገር ሁሉ ማባበያ እንደሚመስላቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ደግሜ ተናገርኩ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ዕጢ ሳንባ ደርሶ እንዲህ ሊያድግ አይችልም፣ ቀድሞ የነበረ ነው፣ ወላሂ ቀድሞ የነበረ ነው አልኳቸው።

እትዬ አልጋነሽ በመስኮቱ ወደ ዳማ አዩ። ትንፋሿ እስከ ቤት ይሰማል።

«የቃል ነገር በቃኝ» አሉ። «አሳዪኝ።»

መጀመሪያ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ ደነገጥኩ። እርስዎ ያሳደጓትን ውሻ ደረቷን ከፍቼ አላሳይዎትም አልኩ። እሳቸው ግን ከወሰኑ በኋላ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። አታሰቃዪያት፣ አሳርፊያት፣ ከዚያ አሳዪኝ አሉ።

ወጣን። የዳማን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ጆሮዋን እያሻሹ ስሟን ጠሯት። መርፌውን በፊት እግሯ ሰጠኋት። ያ አስቸጋሪ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ቆመ። ግቢው ጸጥ ሲል ነው ስንሰማው የነበረው ድምፅ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ።

ሸራ አነጠፍኩ። ጓንቴን አደረግኩ። በስፌቱ በኩል አልሄድኩም። ደረቷን ከጎን ከፈትኩ፣ የጎድን አጥንቶቿን ቆረጥኩ። ጤነኛ ሳንባ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ አለው፣ ሲነካም እንደ ስፖንጅ ነው። የዳማ ግን በነጫጭ ፍሬ ተሞልቶ ነበር። አንዳንዱ ምስር፣ አንዳንዱ ባቄላ ያህላል። ትልቁ፣ የዘይቱን ፍሬ የሚያህለው፣ የግራውን ሳንባ ግማሽ በልቶ ጨርሷል።

እትዬ አልጋነሽ በርጩማቸውን ሸራው ድረስ አስጠጉ። ጓንት ስጪኝ አሉ። ሰጠኋቸው። ትልቁን ፍሬ በጣታቸው ጨመቅ አደረጉትና ጣታቸውን ሳያነሱ ቀሩ።

«የእኔም ሲነካ እንዲህ ነው» አሉ በቀስታ። ቀጥለውም ይህን ያህል ለማደግ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ብለው ጠየቁኝ።

«ወራት» አልኳቸው።

«ቢላው የገባው ማክሰኞ ነው።»

«አዎ፣ ማክሰኞ ነው።»

«እንግዲያ አንቺ ስትቆርጫት ይሄ እዚህ ነበረ።»

«ነበረ።»

ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። «ቢላሽስ ምንም አላደረጋትም?»

እዚህ ላይ ምንም አላደረጋትም ብል ያምኑኝ ነበር። ነገሩም ያልቅ ነበር። ግን ሳንባዋ ፊታችን ተከፍቶ ለእኒህ ሴት መዋሸት አልቻልኩም። ማደንዘዣውና የደሙ መፍሰስ የደከመውን ሳንባዋን ጨምሮ እንዳደከመው፣ ምናልባትም ጥቂት ሳምንታት ወስዶባት ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። ካንሰሩን የበተነው ግን ቢላው አይደለም። ዕጢው ትንሽ ሳለ ብትመጣልኝ ኖሮ ሳንባዋ ንጹሕ እያለ ልደርስላት እችል ነበር አልኳቸው።

 ጓንቱን ቀስ ብለው አወለቁ።

«እህቴም እንዲህ ሆና ነው የገባችው ማለት ነው» አሉ። «ቆይታ፣ ደብቃ፣ ከተሰራጨ በኋላ። እኔ ያን ሐኪም ስረግመው ኖርኩ። በየቀኑ ስረግመው ኖርኩ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ደረቷን መልሼ ሰፋሁ፤ እንደዚያ ሆና እንድትቀበር አልፈለግሁም። ጅብ እንዳያወጣት በጣም ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልግ ስለነበር ጎረቤት ጠርተን አስቆፈርን። ማታ ቤቴ ስደርስ እናቴ እንደ ልማዷ በር ላይ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት እንባዬ መጣ። አፈሩንም ውሃውንም ራሷ አቀረበችልኝ፣ እጄን አጠበችልኝ።

ሰኞ ማለዳ እትዬ አልጋነሽ ሊታከሙ ወስነው ከልጃቸው ከትዕግሥት ጋር ጣቢያችን በር ላይ ጠበቁኝ። ትዕግሥት እሑድ ተነግሯት ከድሬዳዋ መጥታ ነበር፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል አብረን ሄድን። ታሪኩ እዚህ ላይ አምሮ እንዲያልቅ ምን ያህል እንደምመኝ አላህ ያውቃል። አላለቀም። ምርመራው ካንሰሩ አጥንታቸውና ጉበታቸው ላይ መድረሱን አሳየ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው አሁን አይጠቅማቸውም፣ መድኃኒት ግን ዕድሜ ሊጨምርላቸው ይችላል አለ። ብረት እንዲነካቸው ተዘጋጅተው ሄደው፣ የብረቱ ጊዜ አልፎብዎታል ተባሉ።

መድኃኒቱን ጀመሩ። እኔም ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ጸጉራቸው ረገፈ፣ ሰውነታቸው አለቀ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ዱሮው ነበር። በሄድኩ ቁጥር የዳማ ውጤት መጣ ወይ ይሉኛል። ወራት ፈጅቶ መጣ። በዳማ ዕጢ ላይ ተበላሽተው ከተገኙት ጂኖች መሀል አንደኛው በሴቶች የጡት ካንሰር ላይም ደጋግሞ የሚገኝ፣ ዕጢውን ከሚገፉት ዋነኞቹ ተርታ የሚቆጠር ነበር። ለጥናቴ ትልቅ ነገር ነው። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«የእኔስ ተነበበ?» አሉ።

አልተነበበም። ያ ዓይነቱ ምርመራ ለእሳቸው የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ውሻዋ ጥናት ውስጥ ስለገባች ዕጢዋ ባሕር ተሻግሮ ጂኑ በሙሉ ተነበበ፤ እትዬ አልጋነሽ ግን ሕመምተኛ ብቻ ስለነበሩ የእሳቸውን ማንም አላነበበውም። አልተነበበም ብዬ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ የዳማን የእኔም ነው ብለሽ ያዢው» አሉኝ።

እንደዚያ አይሆንም፣ የእያንዳንዱ ዕጢ የየራሱ ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ» አሉ። «አንዲት ውሻ ብቻ አይቼ ነው እኔም የተሳሳትኩት።»

የዚያኑ ዓመት ክረምት ሳይወጣ አረፉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እትዬ አልጋነሽን ኋላ ቀር ሴት ናቸው ብላችሁ እንዳታልፏቸው እለምናችኋለሁ። ማስረጃ ፈልገው እንስሳ ላይ የሚሆነውን አይተው ለመወሰን የተነሱ ሴት ነበሩ። እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነታችን እኔ ብዙ ውሾች፣ አማካሪና ቤተ ሙከራ ያለኝ መሆኑ ነው። እሳቸው አንዲት ዳማና ማንም ያልሰማው አንድ ፍርሃት ብቻ ነበራቸው። ፍርሃቱን ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ የዳማን መጨረሻ ለማየት ባልቆዩ ነበር። ብረት ከነካው ይበተናል የሚል ሰው ባጠገባችሁ ካለ አትሳቁበት። ማን እንደሞተበት ጠይቁት፤ እስኪጨርስም ስሙት።

ጥናቴን ጨርሻለሁ፣ አሁንም ዕጢ እሰበስባለሁ። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ። ሴት ውሻ ይዛ የምትመጣ ሴት ስታጋጥመኝ፣ ውሻዋን አይቼ ስጨርስ እሷንም ጡትሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። አብዛኞቹ ይስቁብኛል። የእንስሳት ሐኪም አይደለሽ እንዴ የምትለኝም አለች። ይሳቁ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሳትስቅ የቀረች ካለች ግን ጓንቴን አውልቄ ወንበር አቀርብላታለሁ።